ከ40 በኋላ በቡድን ስፖርት መጀመር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ለስፖርት የተመቸች ከተማ ናት። መንገዷ ሜዳ ነው፣ ሐይቁ ዳር ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፣ ዛፉም ጥላ ይሰጣል። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ወደ ጠዋት የስፖርት ቡድኖች መግባታቸው እጅግ ደግ ነገር ነው፤ ለብቻው ከአልጋ መነሣት የሚከብደው ሰው ጓደኞቹ ሲጠብቁት ይነሣል። ችግሩ ቡድን አንድ ቆጠራና አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው መሆኑ ነው። የ25 ዓመቱ ልጅና የ52 ዓመቷ እናት በአንድ ፉጨት ይዘላሉ። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ግፊትና ስኳር ሳይለኩ መግባት

ለዓመታት ተቀምጦ የሠራ ሰው ከሜዳው በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ደም ግፊት ምንም ሳያሳምም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዐርፈው ሲለኩ ከ180/110 በላይ ከሆነ በሕክምና እስኪወርድ ድረስ ሩጫም ክብደት ማንሣትም አይጀምሩ። ከ140/90 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን ሐኪም ይወቀው። ዳገት ሲወጡ ደረትዎን የሚጫንዎ ከሆነ፣ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ወይም ከቅርብ ዘመድ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆድ መሮጥ የለባቸውም፤ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ፤ ከ90 mg/dL በታች ከሆነ አንድ ሙዝ ወይም ቁራጭ ዳቦ ይብሉ። በመሃል መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ቆመው 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ስኳሩን ይዘው ይውጡ። አሰልጣኙም አስቀድሞ ይወቅ፤ ያለዚያ ላብዎን የሥራ ላብ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከነባሮቹ እኩል መሥራት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፣ ጡንቻም ቶሎ ይለምዳል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በአራተኛው ሳምንት ትንፋሽዎ እሺ ይልዎታል፣ ከተረከዝዎ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ግን ገና አልተዘጋጀም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን «አሁንማ ለመድኩት» ተብሎ ፍጥነት በተጨመረበት ሰሞን ነው።

ስለዚህ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ ይጀምሩ። ረቡዕና አርብ ለሚጾሙ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቻሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሌላው 3 ዙር ሲሠራ እርስዎ 1 ዙር ይሥሩና በቀረው ጊዜ ይራመዱ። ሩጫው 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ ሆኖ 8 ጊዜ ይደጋገም፤ ጠቅላላው 24 ደቂቃ ነው፣ ለጊዜው ይበቃል። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ዙር፣ ከ5ኛው ጀምሮ 3 ዙር። ዝላይ ከ5ኛው ሳምንት በፊት አይግባ፤ ሲገባም በአንድ ቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ መሬት ከመርገጥ አይለፍ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከደቂቃው፣ ከቁጥሩ ወይም ከፍጥነቱ አንዱን ብቻ ይጨምሩ። ሁለቱን አብረው ከጨመሩ ሲያምዎ የትኛው እንደጎዳዎ አያውቁም።

ከከባድ የመጀመሪያ ቀን በኋላ የሚመጣ አንድ አደጋ አለ። ያለልክ የተሠራበት ጡንቻ ሲፈርስ ይዘቱ ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ጡንቻው ያብጣል፣ ክንድ አልዘረጋ ወይም እግር አልታጠፍ ይላል፣ ሽንቱም እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ሽንት ካዩ «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» ብለው አይቆዩ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። የተለመደው የጡንቻ ሕመም ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ጠንክሮ ይለቃል፣ ሲንቀሳቀሱም ይቀላል።

ማሟሟቂያው ካለቀ በኋላ መድረስ

ባጃጅ ዘግይቶብዎት ቡድኑ መዝለል ሲጀምር ከደረሱ መሃል አይግቡ። ዳር ላይ ለብቻዎ 8 ደቂቃ ያሟሙቁ፦ 3 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ትከሻና ዳሌ ማዞር፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ መወንጨፍ፣ 10 ቀስ ያለ ቁጭ ብድግ፣ 15 ጊዜ በጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሣት። ቆሞ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ መሳብ ለመጨረሻው ይቆይ። ሲጨርሱም ባንዴ ቆመው ወደ ባጃጅ አይሂዱ፤ 5 ደቂቃ ይራመዱ። በድንገት ሲቆሙ ደም እግር ላይ ስለሚቀር ራስ ያዞራል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊወድቅም ይችላል።

የአሰልጣኙን ቆጠራ የራስ ልክ ማድረግ

አሰልጣኙ 20 ሲል 20 መሙላት ግዴታ አይደለም። የእርስዎ ልክ ቅርጹ ሳይበላሽ የሚሠሩት ቁጥር ነው። በቁጭ ብድግ ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲጀምር፣ በፑሽ አፕ ወገብ ሲወርድ ዙሩ ለእርስዎ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ቁጥር የሚያርፈው መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ከባድ እንቅስቃሴ ቀላል ምትክ አለው፣ ምትኩንም ያለ ሐፍረት መሥራት ነው። ቁጭ ብድግ የሚከብድዎ ከሆነ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይነሡ። ፑሽ አፕ በግድግዳ ይጀምራል፣ ወደ ወንበር ጫፍ ይወርዳል፣ መሬት የሚደርሰው በኋላ ነው። ጃምፒንግ ጃክ ሳይዘሉ አንድ እግር በየተራ ወደ ጎን በማስረገጥ ይሠራል። በርፒ (ቁጭ ብሎ እጅን መሬት ላይ አሳርፎ እግርን ወደኋላ ወርውሮ፣ ተነሥቶ መዝለል) ደግሞ እጅን ወንበር ላይ አሳርፎ እግርን አንድ በአንድ ወደኋላ በመውሰድ ይተካል። ሲት አፕ ጀርባ ለሚያመው ሰው አይመከርም፤ በክርንና በጉልበት የሚሠራ ፕላንክ (ወገብን ቀጥ አድርጎ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት) 15 ሰከንድ፣ 4 ጊዜ፣ የተሻለ ነው። በሁሉም ላይ ትንፋሽ ይውጣ። ሲገፉና ሲነሡ ያስተንፍሱ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊትን ባንዴ ይሰቅለዋል።

ፍጥነትዎን ለመለካት ቀላሉ መንገድ ንግግር ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ መካከለኛ ነው፤ ከሁለት ከሦስት ቃል በኋላ የሚቆራረጥብዎ ከሆነ ከብዷል። በልብ ምት ለሚመርጡ፦ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ከ60 እስከ 70 በመቶውን መያዝ። የ50 ዓመት ሰው በደቂቃ ከ102 እስከ 119፣ ማለትም በ10 ሰከንድ ከ17 እስከ 20 ምት ነው። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የተባሉትን የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ግን በዚህ አይለካ፤ መድኃኒቱ ምቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ቁጥሩ ያሳስተዋል።

አሰልጣኝ ሲመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ጉልበቴን ያመኛል፣ በዝላዩ ፋንታ ምን ልሥራ?» ወዲያው ሌላ እንቅስቃሴ ካሳየዎት ሥራውን ያውቃል። «ይለቅሃል፣ ቀጥል» ካለ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።

ሽንት እያመለጠ ዝም ብሎ መዝለል

ይህን ብዙ ሴቶች ለማንም አይናገሩትም። ከወለዱ በኋላ፣ በተለይም የወር አበባ መቋረጫ ሲቃረብ፣ የማህፀንና የፊኛ ተሸካሚ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ሲዘሉ ወይም ሲያስሉ ጠብታ ያመልጣል። ጥቁር ሱሪ ለብሶ ወይም ውሃ ሳይጠጡ መጥቶ መቀጠል መፍትሔ አይደለም። ዝላዩን አቁመው በእርምጃ ይተኩት። በቤት ደግሞ ሽንት እንደሚያቋርጡ አድርገው ጡንቻውን 5 ሰከንድ ይጨብጡ፣ 5 ሰከንድ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ለውጡ የሚታየው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ከተሰማ ወይም የሚወጣ ነገር ካለ የማህፀን ሐኪም ይየው፤ ሕክምና አለው።

መሬቱንና ጫማውን አለማየት

ኮብልስቶን ላይ አይዝለሉ፤ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዝበታል። አስፋልት ለእርምጃና ለሶምሶማ ይሆናል፣ ለዝላይ ግን ሣር ወይም የተደለደለ አፈር ይሻላል። የታቦር ተራራን መውጣት ለልብም ለጭንም ግሩም ነው፤ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ቁልቁል መሮጥ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ እንዲሸከም ስለሚያስገድደው ጉልበቱን ከዳገቱ ይበልጥ ያደክመዋል። ወጥተው በእርምጃ ይውረዱ።

ሐይቁ ዳር ጎህ ሳይቀድ ሣርና ቄጠማ ወዳለበት አይጠጉ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲመለስ መንገዱ ላይ መቆም አደገኛ ነው። በምሽት የሚሠራ ቡድን ካላችሁ ደግሞ የወባ ትንኝ ሲመሽ ስለምትወጣ ረጅም ሱሪና እጅጌ ያስፈልጋል።

የሳልባጅ ጫማ ላዩ አዲስ ቢመስልም የሶሉ ስፖንጅ ሞቶ ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣት ጎኑን ይጫኑት፤ ካልተመለሰ ወይም የማይጠፋ ሽብሽብ ካለው ይተዉት። ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱ፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጫማ ጉልበትዎንም ያዘነብለዋል። እግር በቀን ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ይለኩት፣ ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይቅርለት።

ሩጫን ብቻ ስፖርት ማድረግ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ብዙ ቡድን ሁለተኛውን ይዘለዋል። ከ40 በኋላ ቀስ በቀስ የሚሄደው ጡንቻ ስለሆነ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ወደ ሆድ መሳብ፣ 10 ጊዜ 2 ዙር፣ ከተጨማሪ ኪሎ ሜትር ይልቅ ይጠቅማል።

ስፖርቱ ያቃጠለውን ወዲያው መመለስ

የአንድ ሰዓት የቡድን ሥራ የሚያቃጥለው እንደ ክብደትዎ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ይጠጋል። ቅዳሜ ከስፖርት በኋላ ሁለት ቢራና በዘይት የተጠበሰ ዓሣ ከወሰዱ ሥራው ተመልሷል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚገኘው ቆሮሶ ዓሣ ለጡንቻ ጥሩ ምግብ ነው፤ ለብለብ ወይም ጉላሽ ሆኖ ከጥብሱ ይሻላል። በጾም ምስርና ሽሮ መጠናቸው ከፍ ይበል። ሚዛን በየቀኑ አይውጡ፤ በየ4 ሳምንቱ ወገብዎን በእምብርት ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ኪሎው ሳይቀንስ ወገቡ ከቀነሰ ሥራው ይዟል።

በሕመም ማስታገሻ እየታገዙ መቀጠል

ጠዋት ዲክሎፌናክ ውጦ ወደ ሜዳ መሄድ የተለመደ ሆኗል፣ በጣም ያሳስበናል። መድኃኒቱ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ከሁሉም በላይ «አቁም» የሚለውን ምልክት ይደብቃል። ከ0 እስከ 10 ሲመዝኑት ከ3 የማያልፍ፣ በነጋታው የማይብስ ሕመም ካለ ቀንሰው መሥራት ይችላሉ። ነጥቦ የሚወጋ፣ እያነከሱ የሚያስሄድ ወይም መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ከሆነ ያቁሙ። ባትዎ ከኋላ በድንጋይ የተመታ ያህል ድምፅ አሰምቶ በጣት መቆም ካቃተዎት ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ እንዲያሸው አይፍቀዱ፤ ሆስፒታል ይሂዱ። ደረት የሚጫን ሕመም፣ ወደ መንጋጋ ወይም ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ከዕረፍት በኋላም የማይመለስ ትንፋሽ ካለ የዚያን ቀን ስፖርት አብቅቷል፤ ሐኪም ዘንድ ብቻዎን ሳይሆን ሰው አስከትለው ወዲያው ይሂዱ።

ከሕመም ወይም ከዕረፍት በኋላ ካቆሙበት መጀመር

ሁለት ሳምንት ከቀሩ ካቆሙበት ግማሽ ይጀምሩ፤ ወር ከቀሩ ከ1 ዙር። ትኩሳት ባለበት ቀን ጨርሶ አይሠራም፣ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ከወባ ወይም ከታይፎይድ ካገገሙ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት በእርምጃ ብቻ ይቆዩ። ወባ ደም ስለሚያሳንስ ደረጃ ሲወጡ ልብዎ ያለ ልክ የሚመታ ከሆነ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳይ ምርመራ) ተለክተው፣ ውጤቱን ይዘው ይመለሱ።