ትንኝ ሁሉ የወባ፣ የዶሮ ሞት ሁሉ ፈንግል አይደለም

በጎንደርና በዙሪያዋ መስከረም ሲጠባ፣ ከደንቢያ ሜዳ እስከ አንገረብ ዳርቻ ውኃ በተኛበት ሁሉ ትንኝ ይፈላል። ትንኝ ለሰው ወባ እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም፤ ለዶሮ፣ ለበግና ለዱር አዕዋፍ ቫይረስ እንደሚያደርስ ግን እምብዛም አይነገርም። ስህተቱም በአብዛኛው የሚጀምረው ከስያሜው ነው።

ትንኝን ሁሉ «የወባ ትንኝ» ብሎ መጥራት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ ስትሆን፣ በአዕዋፍ መካከል ቫይረስ የሚያዛምቱት በዋነኛነት በፍሳሽ ቦይና በቆሸሸ ውኃ የሚራቡት ኩሌክስ የተባሉት ናቸው። ስለዚህ ለወባ ተብሎ የመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የዶሮው ቆጥ ከነትንኙ ይቀራል። (ቢጫ ወባም ቢሆን በስም ካልሆነ በቀር ከወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ በጫካ በጦጣና በመሰሎቿ መካከል በትንኝ የሚዘዋወር ቫይረስ ነው።)

ከሁሉ ይበልጥ ኪሳራ የሚያስከትለው ግን ጓሮ ውስጥ የሞተችን ዶሮ ሁሉ «ፈንግል ነው» ብሎ መደምደም ነው። ፈንግል በትንኝ አይተላለፍም፤ በኩስ፣ በትንፋሽ፣ በጫማና በዶሮ መያዣ ቅርጫት ይዛመታል፤ አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል። የዶሮ ፈንጣጣ ግን ትንኟ ከታመመችው ወደ ጤነኛዋ በአፏ የምታሻግረው፣ ልክ የቆሸሸ መርፌ እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ የተለየ ቫይረስ ሲሆን በኩክኒና በዓይን ዙሪያ ቅርፊት ያወጣል፤ አንዳንዴም አፍና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ያፍናል። ልዩነቱ የሚታየው በሚወሰደው እርምጃ ነው። ፈንግል ሆኖ ሳለ የተረፉትን ለበዓል ቅዳሜ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላው ጓሮ መሸጥ ነው። ፈንጣጣ ከሆነ ደግሞ በረገፈው ቅርፊት ውስጥ ቫይረሱ ለወራት ስለሚቆይ ጉዝጓዙን ጠርጎ ማቃጠል፣ እንዲሁም ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር በሙቀት ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃት፣ በተሰበረ ጋንና በአሮጌ ጎማ የታቆረውን ውኃ ከዚያ በፊት መድፋት ይገባል። የሁለቱም ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን አይተካም።

ቫይረስ ያመጣሉ ብሎ በበጋ ወደ ጣና ዳር የሚመጡትን ስደተኛ አዕዋፍ ብቻ መውቀስም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘው የዌስት ናይል ቫይረስ የሚዘልቀው ከወፍ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ወፍ እየተመላለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ላይ ሲከሠት ቁራዎች በብዛት ረግፈው ነበርና፣ በአንድ ሥፍራ ብዙ ቁራ ሞቶ ሲገኝ በባዶ እጅ ከማንሣት ይልቅ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይሻላል። በዚህ ቫይረስ የታመመን የጋሪ ፈረስ ግን ወደ ሰው ያስተላልፋል ብሎ መሸሽ ከንቱ ነው፤ በፈረስ ደም ውስጥ የሚገኘው ቫይረስ ትንኝን ለመበከል የማይበቃ ጥቂት ነውና።

በጎች በአንድ ሰሞን ተከታትለው ሲያስወርዱ ግን እንዲህ አይታለፍም። በጎረቤት ኬንያ ከባድ ዝናብ በጣለባቸው ዓመታት በትንኝ የተዛመተው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት፣ ወደ ሰው የሚገባው በትንኝ ንክሻ ብቻ ሳይሆን በታመመ እንስሳ ደምና በጭንገፋው ጭምር ነው፤ ስለዚህም የጨነገፈውን ግልገል በባዶ እጅ ማንሣትም ሆነ ለውሻ መጣል አይገባም።