አፖስትሮፊ ያለቦታዋ ስትገባ፦ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዝኛ ስንጽፍ ያቺ ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት፣ አፖስትሮፊ፣ ብዙ ሰው ታምሳለች። ዋና ሥራዋ ግን ሁለት ነው፤ ባለቤትነትን ማሳየትና የተዘለለ ፊደልን መተካት። ስህተቱን ካያችሁት መንስኤውን ማግኘት አይከብድም።

ምልክት፦ ብዙ ቁጥር ላይ ጭረት ገብታለች

«መጻሕፍት ገዛሁ» ለማለት «ቡክ’ስ» ተብሎ ይጻፋል። መንስኤው ጆሮ ነው። የብዙ ቁጥሯም የባለቤትነቷም «ኤስ» ድምፃቸው አንድ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ በሉት። «ኦች» ወይም «ዎች» ከመጣ ጭረቷን አጥፉ፤ «የ» ከመጣ አቆዩዋት። «ተማሪዎች» ከሆነ «ስቱደንትስ»፣ «የተማሪው» ከሆነ «ስቱደንት’ስ»። 1990ዎቹን ስትጽፉም ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤስ» ብቻ ትበቃለች።

ይህ ዘዴ ግን አንዳንዴ ጉድ ይሠራል። «የመኪና ቁልፍ» ላይ «የ» አለች፤ እንግሊዝኛው ግን ያለ ምንም ጭረት «ካር ኪ» ይላል። ምክንያቱም የተነገረው የቁልፉ ዓይነት እንጂ ባለቤቱ አይደለም። «የወንድሜ ቁልፍ» ሲሆን ባለቤት አለ፤ ስለዚህ «ብራዘር’ስ ኪ»።

ምልክት፦ ጭረቷ ከ«ኤስ» በፊት ትግባ በኋላ ግራ ገብቷችኋል

መጀመሪያ ባለቤቱን ብቻ ጽፋችሁ ጨርሱ። ከዚያ ጭረቷን ከኋላው አድርጉ። ቃሉ ብዙ ቁጥር ሆኖ በ«ኤስ» ካለቀ እዚያው አቁሙ፤ «ገርልስ’»። ካልሆነ «ኤስ» ጨምሩ፤ «ገርል’ስ»፣ «ቺልድረን’ስ»። እንደ ጄምስ ያለ ስም ሲሆን «ኤስ» ብትደግሙም ብትተዉም ያስኬዳል። ብቻ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ግፉበት።

ምልክት፦ «ኢትስ» ሁሌ ትሳሳታለች

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም ይስቱታል። እዚህ ጋ «የ»ን ማመን አያዋጣም። «ሂዝ»፣ «አወርስ» እና «ዜርስ» ባለቤትነትን በራሳቸው ስለያዙ ጭረት አይፈልጉም። ባለቤትነት የምታሳየው «ኢትስ»ም ከእነሱ ወገን ናት። ጭረት ያለባት ሌላ ናት፤ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ሲያጥር የሚመጣው።

መፍትሄው ዘርዝሮ ማንበብ ነው። «ድመቷ ጅራቷን ቆላች» በሚለው ውስጥ «ኢት ኢዝ ቴይል» ብትሉ ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ ጭረቷ ትውጣ። «ዩር» እና «ሁዝ» ላይም በዚሁ መንገድ ሞክሩት።

ምልክት፦ በትክክል ጽፋችሁም ተበላሽቶ ይገኛል

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። የስልክ አውቶኮሬክት (ቃል በራሱ የሚያርመው) ሳትጠይቁት ጭረት ይጨምራል፤ ከመላካችሁ በፊት «ኢትስ»ን ደግማችሁ እዩ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ 1990ዎቹን አሳጥራችሁ «’90ስ» ስትሉ ጭረቷ ዞራ የመክፈቻ ጥቅስ ትሆናለች። ቁልፉን ሁለቴ ተጫኑና የመጀመሪያዋን አጥፉ፤ የምትቀረው ትክክለኛዋ ናት።