በቤት ለቤት ጥናት ዕድሜን አጣርቶ መመዝገብ

የልደት ሰነድ በሌለበት ቤት ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ እንደ «ሠላሳ»፣ «አርባ» ያለ ክብ ቁጥር ይሆናል። ይህን እንዳለ መቀበል የተማሪና የጡረተኛ ትንበያን ያዛባል።

መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬት ወይም የክትባት ካርድ ጠይቁ። ከሌለ ዕድሜን በክስተት አስሉ፦ «በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ተወልደው ነበር? በ1977ቱ ድርቅስ? ደርግ በ1983 ሲወድቅ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር?» ለወጣቶች የ2000 ሚሊኒየም ይጠቅማል። የአካባቢውን ክስተቶች፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት የተከፈተበትን ዓመት፣ ከሥራው በፊት ከሽማግሌዎች ሰብስቡ፤ ከአገራዊዎቹ ይልቅ የሚታወሱት እነሱ ናቸው።

የሞላውን ዓመት ብቻ ጻፉ። የዘመን አቆጣጠር አትቀላቅሉ፤ የትውልድ ዓመቱ በኢትዮጵያ፣ የጥናቱ ዓመት በአውሮፓ ከሆነ ዕድሜው በስህተት በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። በእናትና በወለደችው የበኩር ልጅ መካከል ከ12 ዓመት ያነሰ ልዩነት ካለ፣ ቤቱን ሳትለቁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ማታ የዊፕል መለኪያን፣ ማለትም ዕድሜዎች በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ምን ያህል እንደተከማቹ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አስሉ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ቁጠሩ፤ በ5 አባዙ፣ ከ23 እስከ 62 ላሉት ጠቅላላ ቁጥር አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 100 ማለት ክምችት የለም፣ 500 ማለት ሁሉም ክብ ቁጥር ነው። ከ175 በላይ ከሆነ መረጃው እጅግ ሻካራ ነው። ውጤቱን በየመረጃ ሰብሳቢው ለዩት፤ የጥቂት ቤቶች ውጤት ግን በአጋጣሚ ስለሚዋዥቅ የበርካታ ቀናቱን አንድ ላይ አስሉ።