አይጧ እውነት ሰማች ወይ?

እማዬ ስልክ ላይ ሥራዬን ጠየቀችኝ። «መስማት ሳይችሉ የተወለዱ አይጦች በጂን ሕክምና መስማት መጀመራቸውን አጣራለሁ» አልኳት። «ታዲያ አታጨበጭቢላቸውም!» አለችኝ።

ማጨብጨብ አይሠራም። የማትሰማ አይጥም የእጅ ንፋስ ሲነካት ትደነግጣለች። ላብራቶሪ አዲስ ለገባችሁ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

የምሠራው ኦቶፍ በሚባለው ጂን ላይ ነው። እሱ ሲበላሽ የጆሮ ፀጉራም ሴሎች ድምፁን ይቀበላሉ፤ ለነርቭ ግን አያቀብሉም። ጂኑ ረጅም ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍሉ ብቻ 6,000 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። ተሸካሚው ቫይረስ ኤኤቪ የሚችለው 4,700 ያህል ነው። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቫይረስ ይጫናል።

የእንስሳት ምርምር ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የእያንዳንዷን ግልገል ጂን መርምሩ። ከመርፌው በፊትም፣ መጨረሻ ላይም። እኔ አንዴ «ሰማች!» ብዬ የላብራቶሪውን ሰው በሙሉ ቡና ጋብዣለሁ። ለካ ቁጥሯን ተሳስቼ አንብቤ ነው፤ አይጧ ድሮም ጤነኛ ነበረች። ቡናው ግን ተጠጥቷል።

መርፌው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ ክብ መስኮት በኩል 1 ማይክሮ ሊትር ያህል በቀስታ ይገባል። እዚህ ላይ ዕድሜ ወሳኝ ነው። አይጥ መስማት የምትጀምረው በተወለደች በ12 ቀን ገደማ ነው፤ ሰው ግን ገና ማህፀን ውስጥ ሆኖ ይሰማል። በአንድ ቀን ግልገል ላይ የሠራ መድኃኒት ለሕፃን ይሠራል ማለት አይደለም። ያደጉትንም ውጉ። በ2019 የታተመ ጥናት የ30 ቀን አይጦችን ጭምር ማሰማት ችሏል።

ከሳምንታት በኋላ ልኬቱ ይመጣል፤ የሚለካው አንጎሏ ለድምፅ ምላሽ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። አይጧን አደንዝዟት፣ ማሞቂያ ላይ አስተኟት፤ ከቀዘቀዘች የአንጎሏ ሞገድ ይዘገያል። ሦስት መርፌ መሳይ ኤሌክትሮዶች አናቷ ላይ፣ ጆሮዋ ሥርና ጭራዋ አጠገብ ይገባሉ። ድምፁን ከ90 ዴሲቤል ጀምራችሁ አምስት አምስት ቀንሱ። ሞገዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቁጥር ነው ውጤታችሁ። ስክሪኑን የሚያነበው ሰው የትኛዋ መድኃኒት እንደወሰደች ማወቅ የለበትም። ዓይን የፈለገውን ሞገድ ያያል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሌላውን ፈተና ነው። ጤነኛ ጆሮ ሁለት ድምፅ ሲላክበት እንደ ገደል ማሚቶ ሌላ ድምፅ ይመልሳል። ኦቶፍ የተበላሸባት አይጥ ባትሰማም ማሚቶው አለ፤ የሚመጣው ከውጪዎቹ ፀጉራም ሴሎች ነው። ስለዚህ ማሚቶ መኖሩ መዳኗን አያሳይም። ከመርፌው በኋላ ከጠፋ ግን እናንተ ናችሁ ጆሮዋን የጎዳችሁት።

ያልተወጋውን ጆሮ ለማነጻጸሪያ አትመኑት፤ ቫይረሱ በፈሳሹ በኩል ወደዚያም ይሻገራል። ባዶ ፈሳሽ የተወጉና ጭራሽ ያልተነኩ ወንድምና እህቶቿን ያዙ። ሲ57 የምትባለው ጥቁር የላብራቶሪ አይጥ ዝርያ ደግሞ ስታረጅ ቀጭን ድምፅ መስማት ታቆማለች፤ አትዘግዩባት።

መጨረሻ ላይ ቀንድ አውጣ የመሰለውን የጆሮ ክፍል አውጥታችሁ ቀለም ውስጥ ንከሩና ኦቶፈርሊን (ኦቶፍ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን) ያላቸውን ሴሎች ቁጠሩ። ከሥሩም፣ ከመሃሉም፣ ከጫፉም። የእኔ ዓርብ ከሰዓት የሚያልቀው እዚህ ነው።