ሙቀቱ ሲበረታ ማን ማንን ይጠብቃል?

ሙቀት የጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ መጎዳቱን ራሱ አያውቅም። ሰውነት ከመጠን በላይ ሲግል አእምሮም አብሮ ይታወካላ! "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልረፍ" ይልና እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ከውሃውም ከፀሐይ መከላከያ ክሬሙም በፊት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ማን ማንን እንደሚያይ። ትልልቆቹ ልጆች አያታቸውን፣ እናንተ ሕፃናቱን፣ ባልና ሚስት ደግሞ እርስ በርስ።

እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ አረጋውያን ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጥም የሚሰማን ዘግይቶ ነው። እናቴን "ውሃ ላምጣልሽ?" ካልኳት መልሷ ሁሌም "አልጠማኝም" ነው። እውነቷን ነው፣ አልጠማትም፤ ሰውነቷ ግን ውሃ ይፈልጋል። አሁን መጠየቁን ትቼዋለሁ። ብርጭቆውን ሞልቼ አጠገቧ አስቀምጥና ቆየት ብዬ መጉደሉን አያለሁ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ሙቀቱ ሳይጠና ሐኪሙን አማክሩ፤ ምን ያህል ውሃ መጠጣት እንዳለበትም ጠይቁ። መድኃኒቱን በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ሕፃናትም እንደዚያው ናቸው፣ መናገር አይችሉም። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ አይሰጥም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ዳይፐሩ ለረጅም ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ እያለቀሰ እንባ ከሌለው፣ እርግብግቢቱ ሰርጎ ከገባ ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ። ፀሐይ እንዳትነካው ብላችሁ ጋሪውን በጨርቅ አትሸፍኑ። አየር ስለማያስገባ ውስጡ ይታፈናል፣ ይግላል።

ስለ መኪና ደግሞ አስረግጬ ልናገር። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ መስኮቱን ከፈት አድርጎ መተው ምንም ያህል አይረዳም። የትንሽ ልጅ ሰውነት ከአዋቂው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። "አንዴ ደርሼ ልምጣ" ለምትሏት ጊዜ እንኳን ልጅ መኪና ውስጥ አይተውም። "እኔ ልጄን አልረሳም" አትበሉ። የደከመ ወላጅ፣ ከኋላ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እና ከወትሮው የተለየ ውሎ ሲገጣጠሙ ለልጃቸው በሚሳሱ ወላጆች ላይም ይህ ደርሷል። ቦርሳችሁን ከኋላ ወንበር ልጁ አጠገብ አስቀምጡ፣ ስትወርዱ የግድ ዞራችሁ ታያላችሁ። ቤት ስትደርሱም መኪናውን ቆልፉ፤ ለመጫወት ገብተው መውጣት የሚያቅታቸው ልጆች አሉ።

ቤቱን ለማቀዝቀዝ ቀን ላይ ፀሐይ የሚመታውን መስኮትና መጋረጃ ዝጉ፣ ማታ ውጪው ሲቀዘቅዝ ክፈቱት። ቬንቲሌተር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ነውና ጭራሽ ያግላችኋል። ያኔ ቆዳን በውሃ ማርጠብ ይሻላል።

ውጪ ስትወጡ ሰዓት ምረጡ። ፀሐይዋ የምትከፋው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሰዓት ባትይዙም ጥላችሁን እዩ፤ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከባድ ናት ማለት ነው። ደመናም አያታልላችሁ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) አብዛኛው ያልፈዋል። ከፍታ ላይ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ነፋሻማ ተራራ ላይ ሳይሞቃችሁ ልትቃጠሉ ትችላላችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ልብስ ነው፦ ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ባርኔጣው ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን። ለቀረው ቆዳ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች፣ ዩቪኤንም ዩቪቢንም የሚከላከል ክሬም ግዙ። 30 የሚለው ከዩቪቢ ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ 50 የሚለው 98፤ በቁጥሩ ብዙ አትጨነቁ። ችግሩ አብዛኞቻችን በጣም ትንሽ መቀባታችን ነው። ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ በደንብ ተቀቡ፣ በየ2 ሰዓቱ ድገሙ፣ ከዋኛችሁ ወይም ካላባችሁ ደግሞ ቶሎ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መከላከያው ጥላና ልብስ ነው። "ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ አያቃጥለኝም" የሚል ሰውም ተሳስቷል፤ ይዘገያል እንጂ ይቃጠላል።

አሁን ዋናው። ሰውየው በጣም ካላበው፣ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጡንቻው ከተሸማቀቀ ሙቀቱ አድክሞታል። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ቆዳውን በውሃ እያረጠባችሁ አራግቡለት፣ ውሃ ወይም ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ንጥረ ነገር) በትንሽ በትንሹ ስጡት። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው የድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ግን ከተቀባዠረ፣ አፉ ከተኮላተፈ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግማሽ ሰዓት አትጠብቁ። ይህ ገዳይ ነው፣ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። "ላብ አለውና ደህና ነው" አትበሉ፣ እያላበውም ይከሰታል። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው እዚያው ማቀዝቀዝ ይጀምር፦ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፣ ያንቀዋል። ፓራሲታሞልም ለዚህ አይሠራም።

የፀሐይ ቃጠሎ ደግሞ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። ውጪ ከዋላችሁ ማታ ልብስ ሲቀየር የልጆቹን ትከሻና ጀርባ እዩ። ቀልቶ ካገኛችሁት በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ፎጣ አድርጉበት፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቀቡት። በረዶ በቀጥታ አይነካው፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙናም አይሆኑም። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም የተቃጠለው ገና 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ቤት አታስታምሙ፣ ሐኪም ይየው።