ለችብስ የሚሆን ድንች በጓሯችን እንዴት እናዳቅላለን?

ድንች የምንተክለው ኮረቱን ስለሆነ ዘር እንዳለው እንረሳለን። ነሐሴ ላይ ካበበ በኋላ ግን አረንጓዴ ቲማቲም የሚመስል ትንሽ ፍሬ ያንጠለጥላል። መርዝ ስለሆነ ልጆች እንዳይቀምሱት። አዲስ ዝርያ የሚወጣው ከዚህ ፍሬ ነው። ውስጡ ካሉት ዘሮች እያንዳንዱ ከወንድሙ የተለየ ድንች ይሆናል።

መጀመሪያ ወላጅ ምረጡ። አንዱ የክረምቱን በሽታ የሚችል፣ ሌላው ሲጠበስ የሚያምር ይሁን። ጎጃም ውስጥ በለጠ፣ ጉደኔና ጓሳ የሚባሉት ዝርያዎች በገበሬው እጅ አሉ። አበባውን የሚያረግፍ ዝርያ ስላለ ከአንድ በላይ ትከሉ።

ማዳቀሉ የጠዋት ሥራ ነው። ነገ ሊፈነዳ የደረሰ እምቡጥ ከፍታችሁ አምስቱን ቢጫ ወንዴዎች በቅንድብ መንቀያ ንቀሉ። መሀል ያለችውን ቀጭን ዘንግ አትንኩ። ከሌላው ዝርያ የፈነዳ አበባ ቆርጣችሁ ጥፍራችሁ ላይ አራግፉና ዱቄቱን የዘንጓ ጫፍ ላይ ቀቡ። ክር እሰሩበት። ፍሬ ሲይዝ በሻሽ ሸፍኑት፣ አለዚያ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ይጠፋል።

ፍሬው ሲለሰልስ ዘሩን አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ለወራት ስለሚተኛ አትቸኩሉ። ሚያዝያ ላይ መደብ ላይ ዝሩት፣ ሰኔ ላይ እንደ ቲማቲም ችግኝ አዛውሩት። ስትነቅሉ የአንዱን ተክል ከሌላው አትቀላቅሉ። የመጀመሪያው ዓመት ኮረት ትንንሽ ስለሆነ አንድ ዙር ተክላችሁ አብዙት።

ከዚያ የጨው ፈተና። ባልዲ ውስጥ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 125 ግራም ያህል ጨው አሟሙና ድንቹን ክተቱበት። የሰመጠው ድንች ደረቅ ነገሩ ብዙ ነው፣ ለመጥበሻ ይሆናል። የተንሳፈፈው ውሃ የበዛበት ስለሆነ ዘይት ይጠጣል፣ ለወጥ ይሁን። ከዚህ ባልዲ የሚበልጥ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ ጋ ደረስን። መጀመሪያ ያዳቀልኳቸውን 40 ዓይነቶች ጮቄ ተራራ ሥር ያለው አጎቴ ቤት አስቀመጥኳቸው። ጥር ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አመጣኋቸውና በዚያው ቀን ጠበስኳቸው። ሁሉም ከሰል ሆኑ። ቢቀመሱ መራራ ናቸው። ተናድጄ አንዱን እንኳ ለዘር ሳላስቀር ሙሉውን ለወጥ ሰጠኋቸው። የሁለት ዓመት ልፋት በሽሮ ፈንታ ተበላ።

ጥፋቱ የድንቹ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው። ቅዝቃዜው ከ8 ዲግሪ ሲወርድ ድንች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። ስኳሩ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል። ከብርድ የወጣውን ድንች ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ሁለት ሦስት ሳምንት ብታቆዩት አብዛኛው ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ አሙቁ፣ ከዚያ በአንድ ዘይት ጥበሱ። ከብርድ ወጥቶም ብዙ የማይጠቁር ካገኛችሁ ግን እሱን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት። የምትጠብሱትን ጨለማ ውስጥ፣ የዘሩን ለስላሳ ብርሃን ያለበት መደርደሪያ ላይ አድርጉ።

እንቅልፉንም፣ ማለትም ከተነቀለ በኋላ ሳይጎነቁል የሚቆይበትን ጊዜ፣ መዝግቡ። ጥቅምት የተነቀለ ድንች ታኅሣሥ ላይ በመስኖ እንዲተከል ከተፈለገ ቶሎ መጎንቆል አለበት። ለችብስ የሚከማቸው ደግሞ በተቃራኒው ብዙ መተኛት አለበት። ሁለቱን የሚያሟላ አንድ ድንች አትፈልጉ፣ ቀድማችሁ ወስኑ።

ክረምት ላይ መድኃኒት ሳትረጩ ሞክሩ፤ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚጨርሰውን ሌት ብላይት የማይችል ይሂድ። በጋ ላይ ደግሞ ውርጩ ይፈትነው። አንድ ወቅት አይቶ መፍረድ የለም።

እንደገና ጀምሬ አሁን ሦስት ቀርተውኛል። በመጥበሻ አንደኛ የወጣችው እንደ ዝንጅብል ጎባጣ ናት፣ ዓይኗም ጥልቅ ነው። ባለቤቴ «ይቺን እኔ አልልጣትም» ብላለች። ነሐሴ ላይ ከክብ ድንች ጋር ላዳቅላት ነው።