ለጣና ጀልባ ተሳፋሪዎች ፎርም የራሳችንን የማጣሪያ ደንብ በጃንጎ እንዴት እንጽፋለን?

ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት የሚሻገር ሰው አስቀድሞ የሚመዘገብበት ፎርም እየሠራችሁ ነው እንበል። ስም፣ ጾታ፣ ስልክ፣ የጉዞ ቀን፣ መድረሻ። ጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን ድረ ገጽ የምንሠራበት መሣሪያ፣ ባዶ የተተወ ቦታ ካየ ራሱ ይጮኻል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ ግን አያውቅም፤ ጳጉሜንም አያውቃት። ያንን የምንነግረው እኛ ነን።

በስልኩ እንጀምር። ከፎርሙ ፋይል ጎን ቫሊዴተርስ የሚባል የፓይተን ፋይል ክፈቱ። ቫሊዴተር የገባውን ዋጋ ተቀብሎ ካልተስማማው ቫሊዴሽን ኤረር የሚያነሳ፣ ከተስማማው ዝም የሚል ፈንክሽን ነው። ጀማሪዎች እዚህ ላይ «ሐሰት» ብለው ይመልሱና ደንቡ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልጉ ያመሻሉ። ጃንጎ የሚመለሰውን ነገር ዞር ብሎም አያየውም፤ ኤረሩን ማንሳት ግድ ነው።

ደንቡ ይህ ነው፦ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አሃዝ፣ አለዚያም +251 ተብሎ በ9 ወይም በ7 የሚጀምር 9 አሃዝ። አሃዝ መሆኑን በኢዝዲጂት፣ በፓይተን የአሃዝ መፈተሻ፣ አታጣሩ። ፓይተን «፩»ን ኢዝዲጂት ስትሉት አዎ ይላችኋል፤ ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ቀይረው ስትሉት ግን ይወድቃል። የግዕዝ ቁጥር በኪቦርዱ ላለው አገር ይህ ተረት አይደለም። ከ0 እስከ 9 ብቻ የሚቀበል ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ መግለጫ) ጻፉ። ከዚያ የፈንክሽኑን ስም በስልክ ፊልዱ (በስልክ መሙያው ቦታ) የቫሊዴተርስ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ፤ በቃ።

ቀኑ ይከብዳል። የጃንጎ የቀን ፊልድ፣ ዴትፊልድ፣ 13ኛ ወር ስለማይቀበል ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ ተቀበሉ። አንዱ ካንዱ ጋር የሚታይ ነገር ደግሞ ቦታው የፎርሙ ክሊን ሜተድ፣ ማለትም ፎርሙን በሙሉ የሚያጣራው ፈንክሽን፣ ነው። መጀመሪያ የወላጁን (ፎርማችሁ የወረሰውን የጃንጎ ፎርም) ክሊን በሱፐር ጥሩ፤ ቀጥሎ ዋጋዎቹን ከክሊንድ ዳታ፣ ማጣሪያውን ያለፉት ከሚቀመጡበት፣ በጌት አውጡ። ቀድሞ የወደቀ ፊልድ እዚያ ውስጥ አይገኝም፤ በጌት ፈንታ በቀጥታ ከጠራችሁት ገጹ ይሰበራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እስከ 12ኛው ወር 30 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6።

መድረሻውም እዚያው ይታያል። ጾታ ሴት ሆኖ መድረሻው ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ ከሆነ፣ በአድ ኤረር ሜተድ መልእክቱን መድረሻ ፊልዱ ላይ ለጥፉት። «ልክ ያልሆነ ግቤት» ማለት እንግዳን በር ላይ አቁሞ ምክንያቱን አለመንገር ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ እባክዎ እንጦስ ኢየሱስን ወይም ዘጌ የሚገኘውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይምረጡ።»

አንድ ወጥመድ አለ። ደንቡን ሞዴሉ (የመረጃ ቋቱን ሰንጠረዥ የሚገልጸው ኮድ) ላይ ብታስቀምጡም መረጃውን የሚያስቀምጠው ሴቭ ብቻውን አይጠራውም። ቲኬት ቆራጩ በኤክሴል የያዘውን ዝርዝር በስክሪፕት ስታስገቡ ከሴቭ በፊት የሞዴሉን ማጣሪያ፣ ፉል ክሊንን፣ ራሳችሁ ጥሩ። እሱም ቢሆን የሞዴሉን ደንብ እንጂ ፎርሙ ክሊን ውስጥ የጻፋችሁትን አያይም።

ስትፈትኑ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ማለፍ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 መውደቅ አለበት። ሁለቱም ካለፉ ክሊን የሚለውን ስም በትክክል መጻፋችሁን እዩ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ጃንጎ ሳይጠራው በዝምታ ያልፈዋል።